ጃዊ ወርዳችሁ ከብት ልታረቡ ላሰባችሁ

ዳንግላ ላይ ሰንጋ አደልባለሁ። ቆላው ጃዊ ላይ ደግሞ ከአጎቴ ልጅ ጋር በርቢ፣ ማለትም ጥጃውን እኩል ልንካፈል፣ የያዝናቸው ላሞችና ወይፈኖች አሉን። ይህን የሰማ ሁሉ ይደውልልኛል። ባሕር ዳር ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ይደውላል፣ አዲስ አበባ ሱቅ ያለው ይደውላል፣ አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እህትም ትደውላለች። ጥያቄው ያው ነው። «ቆላ ላይ መሬት በርካሽ አለ አሉ። ገዝቼ ከብት ልልቀቅበት እንዴ?»

መልሴን ላስቀድም። ከብቱን ግቡበት። መሬት መግዛቱን ግን እርም በሉ።

ሰው ቆላ የሚወርደው በጤናው አይደለም። ደጋው ጠቧል። በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲደለደል ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ አርባ ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ድልድል አልመጣም። አባቱ ያላቸው አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር፣ ለአምስት ወንድምና እህት አይበቃም። ስለዚህ ወይ ከተማ ይገባል፣ ወይ ወደ በለስ ሸለቆ ይወርዳል። የጃዊን ከተማ ፈንድቃን ያየ ያውቃል፤ ከሜጫው፣ ከአቸፈሩ፣ ከደቡብ ጎንደሩ ያልመጣ ሰው የለም። ሰሊጥ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ለውዝ ይዘራል። ከሠራ ያልፍለታል። በዚህ ሰው ላይ ክፉ ቃል የለኝም።

ችግሩ ከሱ ኋላ የሚመጣው ነው። ማረስም ማርባትም የማይፈልግ፣ መሬት ይዞ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ። ይህ ሰው ከብት አለው፤ ግን ከብቱ የመሬት ችካል ነው። ሲጠየቅ «አርቢ ነኝ» ይላል። እረኛ ይቀጥራል፣ ጎጆ ይቀልሳል፣ በረት ያጥራል፣ የከሱ ጊደሮችና ያረጁ በሬዎች ሰብስቦ ይለቃል። ከብቱ ቢያተርፍ ባያተርፍ ደንታው አይደለም።

እንዴት ይለያል ብትሉኝ፣ በረቱን እዩ። አንድ ጊዜ ሚያዝያ ላይ የአጎቴ ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ ይዞኝ ሄደ። ድርቆሽ የሚባል የለም። የጨው ገንዳ የለም። መርፌ ሲወጋ ከብት የሚያዝበት የእንጨት ማነቂያ የለም። ጥጃ አይታይም። እረኛው ልጅ ደመወዙን ከያዘ ወራት አልፈውታል። አጥሩ ብቻ አዲስ ነው! እሾሁ ገና አረንጓዴ ነው። የአምናው አጥር ደግሞ ደርቆ፣ ከውስጥ በኩል፣ ከአዲሱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ይታያል። ከብቱ እየከሳ አጥሩ እየሰፋ ነው። ከዚህ በኋላ የማንንም «እርባታ» ስጎበኝ ከከብቱ በፊት አጥሩን ነው የማየው።

ይህ የኛ አገር ብቻ ብልሃት አይደለም። ብራዚል፣ አማዞን ላይም ይኸው ነው። ጫካ ይመነጠራል፣ ሣር ይዘራል፣ ከብት ይለቀቃል። ከተመነጠረው ጫካ አብዛኛው የከብት ግጦሽ ነው የሚሆነው። ከብት እርካሽ ምስክር ነው፤ «ይኸው እየተጠቀምኩበት ነው» ያሰኛል። ከዓመታት በኋላ ወረቀት ይወጣለታል፣ ወይ ለሌላ ይሸጣል። ልዩነቱ እዚያ መሬት በሕግ ይሸጣል። እኛ አገር አይሸጥም። ነገሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ደላላው ዳንግላ ሻይ ቤት ነው ያገኘኝ። ጥሩ ሰው ይመስላል፣ አፉ ማር ነው። «አሥር ሄክታር፣ ለጥ ያለ፣ ወንዝ ዳር» አለኝ።

«ደብተር አለው?» አልኩት።

«እንዴታ ጌታዬ! አረንጓዴው ደብተር፣ ይኸው ኮፒው።»

ኮፒውን ተቀበልኩት። የክልላችን የይዞታ ደብተር ለባለ ትዳር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ እንደሚይዝ አውቃለሁ። የባል ፎቶ አለ። የሚስት ፎቶ መለጠፊያው ላይ ኮፒው ነጭ ነው፤ ሲያባዙት ብጣሽ ወረቀት ጣል ያደረጉበት ይመስላል፣ ጠርዙ ጥላ ሠርቷል። የማሳውን ስፋት ደመርኩት። ሁለት ሄክታር እንኳ በቅጡ አይሞላም።

«ስምንቱስ?» አልኩት።

ሳቀ። «ሁለቱ በደብተር ነው። የቀረው በከብት ይያዛላ!»

ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማብራሪያ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ሰውየው አልዋሸኝም። የሚሸጥልኝ ምን እንደሆነ ነው የነገረኝ።

ቦታውን ማየት ስለፈለግኩ ሄድን። ደላላውን ሳይሆን የአጎቴን ልጅና ከቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ አንድ ሽማግሌ ይዤ። «አባቴ፣ ይህ ቦታ የማን ነው?» አልኳቸው። በከዘራቸው እያመለከቱ «ከዚያች ዋርካ ወዲህ የሰውዬው ነው። ከዚያች ወዲያ ወል ነው፣ የቀበሌው ከብት ይግጥበታል። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ጉሙዞቹ ያሳረፉት ነው» አሉኝ። ቀጥለውም «አንተ ስንተኛው እንደሆንክ ታውቃለህ ልጄ?» አሉና ሳቁ። ከኔ በፊት ለሌላ ሰው ተሸጦ ቀብድ ተበልቶበት ነበር።

«ያሳረፉት» ያሉትን ልብ በሉልኝ። ከደጋ የሚመጣ ሰው ያልታረሰ ሁሉ ጠፍ ይመስለዋል። ጉሙዝ ግን እየቀያየረ ነው የሚያርሰው። አንዱን ጥቂት ዓመት አርሶ ይተወዋል፣ ጫካው ይመለስበታል፣ ከዓመታት በኋላ እሱም ይመለስበታል። ወሉም እንደዚሁ ነው። ክረምት ላይ ብትሄዱ ባዶ ሣር ነው። ጥርና የካቲት ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መንጋ ሞልቶት ታገኙታላችሁ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ አርሶ አደሩንም አርብቶ አደሩንም ከመሬቱ ያለመነቀል መብት ሰጥቶታል። ባዶ የተባለውን ቦታ አጥሮ ከብት መልቀቅ ማለት የሆነ ሰው ቤት ገብቶ በር መዝጋት ነው። በዚያ አካባቢ ብዙ ደም የፈሰሰባቸው ጠቦች መነሻ ሲፈተሽ መሬት የማይነካው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚበላው እዚህ ነውና።

መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጀምሮ እንደዚያ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አጽንቶታል። የሚሸጠው በጉልበትና በገንዘብ ያፈራችሁት ነገር ነው፦ ቤት፣ ዛፍ፣ አጥር። ስለዚህ ሻጭና ገዢ ሦስት ልብስ ያለብሱታል። አንደኛው የስጦታ ውል ነው። ስጦታ በሕግ አለ፤ ግን ለማን መስጠት እንደሚቻል የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ይገድባል፤ አዲስ አበባ ላለ ባለ ሱቅ «በፍቅርና በውዴታ ሰጠሁት» ቢባል ማንም አያምንም። ሁለተኛው የብድር ውል ነው። «ይህን ያህል ብር ተበድሬያለሁ፣ እስክከፍል መሬቴን ይጠቀምበት» ይላል። ሦስተኛው የቤት ሽያጭ ነው። የፈራረሰች ጎጆ በመቶ ሺዎች ተሸጠች ይባላል። ዳኛ ደግሞ ሞኝ አይደለም።

ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ውሉ ፈራሽ ይባላል። «ተዋዋዮች ወደ ነበሩበት ይመለሱ» ይባላል። ይህ ለገዢው ምን ማለት ነው? እንበልና ሁለት መቶ ሺህ ብር ከፍላችኋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሻጩ ወይም ልጆቹ ወይም ያልፈረመችው ሚስት ከሰሱ። የሚመለስላችሁ ያው ሁለት መቶ ሺህ ነው። ያኔ ስንት ሰንጋ ይገዛ ነበር? ዛሬስ? ሻጩ ገንዘቡን ከጨረሰው ደግሞ እሱንም አታገኙትም። መሬቱ በወጣ ቁጥር ሻጩ የመክሰስ ፍላጎቱ ይጨምራል። ስለዚህ ይህ ንግድ የሚከስረው ልክ «አተረፍኩ» ባላችሁበት ሰዓት ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼ ነው።

«እኔ እንኳ በኢንቨስትመንት ነው የምወስደው» የሚለኝም አለ። መንገዱ ሕጋዊ ነው። ግን ፕሮጀክቱ ላይ የጻፋችሁትን ትጠየቃላችሁ። ጋምቤላ ላይ 100 ሺህ ሄክታር የተሰጠው የሕንዱ የእርሻ ኩባንያ ካሩቱሪ እንኳ የወሰደውን አላለማህም ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ውሉ ተሰርዟል። «ለከብት ማድለቢያ» ብሎ ወስዶ ለሰሊጥ አራሽ የሚያከራይ ሰው ዓይን ውስጥ ለመግባት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ታዲያ ምን ይሻላል? መከራየት። ለከብት መሬቱ የግድ የናንተ መሆን የለበትም። ሣሩ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ባለ ደብተሩን በስሙ አግኙት። ዋናውን ደብተር እዩ፤ ኮፒ አትቀበሉ። አዋሳኞቹን፣ በአራቱም በኩል ያሉትን ሰዎች፣ በአካል አነጋግሩ፤ ደብተሩ ላይ ስማቸው አለ። ሚስት ካለች ትፈርም፤ የፈረመችው ደግሞ ሌላ ሴት አለመሆኗን አረጋግጡ (ይህም ያጋጥማል!)። ባሏ የሞተባት ከሆነች ልጆቿን ጠይቁ። ከዚያ ውሉን ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ወስዳችሁ አስመዝግቡ። ኪራዩን በየዓመቱ ክፈሉ። የአሥር ዓመት አንዴ ውሰድ የሚል ባለ መሬት አብዛኛውን ጊዜ ተቸግሮ ነው፤ የተቸገረ ሰው ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ተከራይ ያመጣባችኋል።

ከብቱን በተመለከተ ከሁሉም በፊት ገንዲን እወቁ። የቆላውን ከብት የሚገድለው ረሃብ ሳይሆን ይህ በሽታ ነው፤ የአባይና የበለስ ሸለቆ ዝንብ ያመጣዋል። ከብቱ እየበላ ይከሳል። ጸጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ላሟ ትጨነግፋለች። ከደጋ ያወረዳችሁት ሰንጋ ቶሎ ይወድቃል። ስለዚህ ከዚያው የተወለደ ግዙ። ቁመናው ቢያንስም ቆላውን ለምዶታል።

መድኃኒቱ ላይ ሰው ራሱን ይጎዳል። ዲሚናዚን የሚባለው ቢጫ ዱቄት በትንሽ ከረጢት ይመጣል። የተለመደው ከረጢት ለ300 ኪሎ ከብት ተብሎ የተመጠነ ነው። ገበሬው ግን ለመቆጠብ አንዱን ከረጢት ለሁለት በሬ ያካፍለዋል። በሽታው ለጊዜው ይተኛል፣ ይመለሳል፣ ሲመለስ መድኃኒቱን ንቆ ነው የሚመለሰው። እኔ ለየከብቱ ደረቱን በሜትር ለክቼ ክብደቱን እገምታለሁ፤ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው ያስተማረኝ። ገበያ መሀል መሬት ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጥ መድኃኒት አትግዙ። ዝንቡን ደግሞ ከመድኃኒት በፊት ተከላከሉት። ጀርባ ላይ የሚፈስ መድኃኒት አለ። የሰማያዊና የጥቁር ጨርቅ ወጥመድም አለ፤ ዝንቡ ሰማያዊ ይወዳል። ወጥመዱን ለማሠራት ብዙ ወጪ የለውም፤ ጨርቁ እንዳይሰረቅ ግን ጎረቤት አስማሙ። አባ ሰንጋና አባ ጎርባን ክረምት ሳይገባ አስከትቡ። ክትባቱ ከአንድ ከብት ዋጋ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ሣር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ሲቃጠል አያለሁ። ቃል በቃል። የቆላው ሣር ክረምት ላይ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ታኅሣሥ ላይ እንጨት ይሆናል፤ ከብት አይነካውም። ጥር ላይ በእሳት ይለቁታል። መጋቢት ላይ ያው ሰው ጭድ በውድ ከዳንግላ ያስጭናል! እኛ ሣሩ አበባ ሲጀምር፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ እናጭዳለን። ሁለት ቀን አገላብጠን አድርቀን ዳስ ውስጥ እንከምራለን። አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ከተከመረ እስከ ግንቦት ከብቱ በልቶት ያድራል። የለውዝና የማሽላ ተረፈ ምርትም ከገበሬው ማሳ በርካሽ ይገኛል፤ በእርሻው አዝመራ ሰዓት ተዋዋሉ እንጂ በኋላ አትጠብቁ።

ማድለቡን ዳንግላ ነው የማደርገው፣ ገበያው፣ ፋጉሎው (ዘይት ተጨምቆ የሚቀረው) እና ፉርሽካው ቅርብ ስለሆነ። ጃዊ የተወለደውን ወይፈን እናሳድጋለን፤ ሲጠና ወደ ላይ ይወጣል። ከአዝመራ በኋላ፣ ጭድ በሞላበት ጊዜ አስሬ ሦስት አራት ወር ቀልቤ ለፋሲካ አወጣዋለሁ። ፋጉሎን በአንዴ አትጫኑት። በመጀመሪያው ሳምንት በትንሽ በትንሹ ካልለመደ ሆዱ ይነፋል፤ የተነፋ ሰንጋ ሌሊት ሲሞት አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ሁዳዴ መሀል ለመሸጥ አትቸኩሉ። በጾም የሚሸጥ ሰው ወይ ዕዳ አለበት ወይ መኖ አልቆበታል፤ ነጋዴውም ይህን ያውቃል።

ከተማ ሆናችሁ ከብት ይኑረኝ ለምትሉ ርቢ ከመሬት ግዢ በብዙ ይሻላል። ላሟ የናንተ፣ ድካሙ የዘመድ፣ ጥጃው እኩል። ግን ዘመድ ነው ብላችሁ በቃል አትተዉት። እኛ በወረቀት ጽፈናል። መድኃኒት የምከፍለው እኔ ነኝ። ወተቱ የሱ ነው። ላም ከሞተች ቆዳዋ ይታያል። የሚሸጥ ካለ ተደዋውለን ነው። ይህ ካልሆነ ላም አለኝ በሰማይ ትሆናላችሁ። የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎት ነበር። «አላመንከኝም እንዴ ወንድምዬ?» አለኝ። «አንተንስ አምናለሁ፤ ልጆቻችን ግን እኛን አይተው አይደለም የሚካፈሉት» አልኩት። ፈረመ።

ዝርያ ለማሻሻል ያሰበ ካለ ቻግኒ አቅራቢያ የመተከል የከብት ማዳቀያ ጣቢያ አለ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ሲኬድ ደግሞ የአንዳሳ ምርምር ማዕከል አለ። ሁለቱም የፎገራን ዝርያ ይዘዋል። ፎገራ ለውሃማ ሜዳና ለወተት ጥሩ ነው። ገንዲ ባለበት ቦታ ለማውረድ ግን ባለሙያ ሳታማክሩ አትሞክሩ።

የጸጥታውን ነገር ሳልጠቅስ ብቀር ቅን አልሆንም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። ከብት በእግር እየነዱ ማውጣት ቀርቶ በአይሱዙ መጫንም የሚቻልበትና የማይቻልበት ሳምንት አለ። እኔ ፈንድቃ የምሄደው እዚያ ያለው ሰው «ና» ሲለኝ ብቻ ነው። ገዢ ነኝ የሚል እንግዳ ብር ይዞ በመንደር ሲዞር ደግሞ የሚያየው ዓይን ብዙ ነው። ብሩን በባንክ አስተላልፉ፣ ከብቱን ወንድማችሁ ይግዛላችሁ።

ብዙዎቻችሁ «በስንት ልጀምር?» ትላላችሁ። ቁጥር አልሰጥም፤ የከብት ዋጋ ከገበያ ገበያ ይለያያል። ስሌቱን ግን ልስጣችሁ። የሁለት ወይፈን ዋጋ ያዙ። በዚያ ላይ የአራት ወር መኖ ሙሉውን፣ ከብቱን ከመግዛታችሁ በፊት ገዝታችሁ ከምሩ። በዚያ ላይ መድኃኒትና የጫኝ ዋጋ። ይህ ሁሉ ተቀንሶ ከብቱ ብቻውን የሚያተርፍ ከሆነ ግቡ። «ከብቱ ባያተርፍ መሬቱ ይወጣል» ብላችሁ ካሰባችሁ ግን፣ እባካችሁ፣ ለኔ አትደውሉ፤ ሻይ ቤቱ እዚያው ነው፣ ደላላውም አልጠፋም።